ለቤት ውስጥ ችግኝና ቅጠላ ቅጠል የትኛው የኤልኢዲ መብራት ይሻላል? ለወሎ ቤቶች የንጽጽር መመሪያ

ክረምት ገብቶ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ደሴን ሲያለብሳት፣ መስኮት ሥር የተቀመጠ የበርበሬ ችግኝ ብርሃን ፍለጋ ግንዱ እየቀጠነ ይመዘዛል፤ ወደ ጓሮ ሲዛወር ራሱን መሸከም አቅቶት ይወድቃል። መፍትሔ ፍለጋ ወደ ኤሌክትሪክ ዕቃ ቤት ወይም ወደ ቴሌግራም ሱቆች ጎራ ያለ ሰው ደግሞ ሐምራዊ መብራት፣ «1000 ዋት» የተጻፈበት ሳጥን፣ በዩኤስቢ የሚሠራ ባለ መቆንጠጫ፣ ረጅም ቱቦ፣ ጠፍጣፋ ሰሌዳና ተራ ነጭ አምፖል ይደረደርለታል። ሻጩ ሁሉንም «ለተክል ይሆናል» ይላል።

የዚህ መመሪያ አቋም ግልጽ ነው። ወሎ ውስጥ አብዛኛው ቤት የሚያስፈልገው ፀሐይ ያጎደለችውን የሚሞላ መጠነኛ ነጭ ብርሃን ነው። ጉድለቱ ሳይለካ የተገዛ መብራት ወይ ለተክሉ ያንሳል፣ ወይ ቆጣሪ ይበላል። ኮምቦልቻ፣ ባቲ ወይም ቆቦ ሆነው ፀሐይ የሚገባበት በረንዳ ያላቸው ሰዎች ደግሞ ጭራሽ መብራት ባይገዙ ይሻላል፤ የእነሱ ችግኝ የሚቸገረው በቀትር ፀሐይ ነው፣ ገንዘቡም ለጥላ መረብ ቢውል ይጠቅማል። መመሪያው በዋናነት የሚያገለግለው ለደሴ፣ ለኩታበር፣ ለወገልጤና እና ለመሳሰሉት ደጋ ቦታዎች፣ እንዲሁም በኮንዶሚኒየምና ፀሐይ በማያገኝ ግቢ ለሚኖር ሰው ነው።

መጀመሪያ ጉድለቱን መለካት

ሉመንና ሉክስ ለሰው ዓይን የወጡ መለኪያዎች ናቸው። ለተክል የሚቆጠረው ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ባለው ክልል ውስጥ በየሰከንዱ ቅጠል ላይ የሚያርፈው የብርሃን ቅንጣት ብዛት ነው። መለኪያው ማይክሮሞል በካሬ ሜትር በሰከንድ ይባላል፤ ከዚህ በኋላ በአጭሩ ማይክሮሞል እንበለው። የቀኑን ድምር ለማግኘት ማይክሮሞሉ ብርሃን ባለበት ሰዓት፣ ከዚያም በ0.0036 ይባዛል። 200 ማይክሮሞል ለ16 ሰዓት ቢበራ በቀን 11.5 ሞል ይሰጣል ማለት ነው።

የበርበሬ፣ የቲማቲምና የጎመን ችግኝ በቀን ከ10 እስከ 15 ሞል ይበቃዋል። ሰላጣ፣ ቆስጣና በሶብላ እስከ መብል ለመድረስ ከ12 እስከ 17 ይፈልጋሉ። ፍሬ የሚይዝ ቲማቲምና በርበሬ ከ20 እስከ 30፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይጠይቃል። ይህን የመጨረሻውን በመብራት ብቻ ለማሟላት መሞከር አይመከርም። ችግኙን ቤት ውስጥ አፍልቶ ወደ ውጭ ማውጣት ያዋጣል።

ልዩ መሣሪያ ለሌለው ሰው ስልክ ይበቃል። የሉክስ መለኪያ መተግበሪያ ይጫንና የስልኩ ፊት ወደ ላይ እንዲያይ ተደርጎ ችግኙ በሚቀመጥበት ቦታ ጥዋት 3 ሰዓት፣ ቀትር ላይና ከሰዓት 9 ሰዓት ይለካል። ስልክ ከስልክ ስለሚለያይ ውጤቱ ግምት ነው፤ ለመግዣ ውሳኔ ግን ይበቃል። የቀን ብርሃን ከሆነ ሉክሱን ለ54፣ ነጭ ኤልኢዲ ከሆነ ለ68 ማካፈል ወደ ማይክሮሞል ያደርሳል። ለምሳሌ የሦስቱ ልኬቶች አማካይ 5,000 ሉክስ ቢሆን ወደ 93 ማይክሮሞል ይመጣል፤ በ12 ሰዓት ቀን 4 ሞል ነው። ችግኙ 10 ከፈለገ 6 ሞል ጎድሏል። ያንን ለመሙላት 200 ማይክሮሞል የሚሰጥ መብራት ከ8 ሰዓት ትንሽ በላይ ቢበራ በቂ ነው፤ መስኮት በሌለው ክፍል 16 ሰዓት ከማብራት ጋር ሲተያይ የመብራት ወጪው በግማሽ ገደማ ይወርዳል።

መስኮት ሲመረጥ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ከአውሮፓ የተቀዱ ምክሮች ሁልጊዜ «ወደ ደቡብ የሚያይ መስኮት» ይላሉ። ወሎ ግን ከምድር ወገብ በ11 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ፣ ከሚያዝያ ሁለተኛ ሳምንት እስከ ነሐሴ ሦስተኛ ሳምንት ገደማ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው። ስለዚህ ለክረምት ችግኝ የምሥራቅ መስኮት ይመረጣል፤ የደቡቡ የሚጠቅመው ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው፤ ያኔ ፀሐይ ዝቅ ብላ ወደ ክፍሉ ዘልቃ ትገባለች።

በምን እንመዝናቸው?

ዋናው መስፈርት በአንድ ዋት የሚገኘው ብርሃን ነው። ሳጥኑ ላይ ሉመን ከተጻፈ በዋቱ ማካፈል ነው፤ ነጭ መብራት በዋት ከ90 ሉመን በታች ከሰጠ ይቅር። ለተክል ተብለው የሚሸጡት ደግሞ በጁል (አንድ ዋት በአንድ ሰከንድ የሚወስደው ኃይል ነው) ስንት ማይክሮሞል እንደሚሰጡ መጻፍ አለባቸው። ከ2 በታች የሆነ፣ ወይም ጭራሽ ያልጻፈ፣ ውድ ዋጋ ሊጠየቅበት አይገባም።

ሁለተኛው ቮልቴጅ ነው። የእኛ መስመር 220 ቮልት ቢሆንም ይወርዳል፣ ይወጣል፤ ጠፍቶ ሲመጣ ደግሞ ገፍቶ ይመጣል። «ከ85 እስከ 265 ቮልት» ወይም ወደዚያ የተጠጋ ሰፊ ክልል የተጻፈበት ዕቃ ይህን ይችላል። አሜሪካ ያለ ዘመድ የላከው ዕቃ ላይ 110 ወይም 120 ቮልት ብቻ ከተጻፈ በቀጥታ ሶኬት ላይ መሰካት ማቃጠል ነው።

ሦስተኛው የቅጠልን እውነተኛ ቀለም የማሳየት ጉዳይ ነው። የቢጫ ነጠብጣብ፣ የቅማልና የሻጋታ ምልክት በጊዜ መታየት አለበት። ከዚህ በተረፈ ሽፋኑ፣ ሲበላሽ እዚሁ ከተማ መተኪያ መገኘቱና የውሃ ፍንጣቂ መቋቋሙ ይታያሉ። ስለ ብርሃን ቀለም ብዙ ቢባልም ለችግኝና ለቅጠላ ቅጠል ከ4000 እስከ 6500 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ) ያለ ማንኛውም ነጭ ይሠራል። ነጭ ብርሃን ሰማያዊውንም ቀዩንም በውስጡ ይዟል።

ከታች ያሉት ስሌቶች ሁሉ 1.2 ሜትር በ50 ሳንቲ ሜትር ለሆነ አንድ መደርደሪያ፣ ማለትም ለ0.6 ካሬ ሜትር፣ ወደ 200 ማይክሮሞል ለመስጠት የተሠሩ ናቸው፤ ከመብራቱ ከሚወጣው ብርሃን ሩብ ያህሉ ወደ ጎን እንደሚባክን ታስቧል።

አማራጮቹ

*መስኮትና ነጭ ሰሌዳ።* ወጪው ኢምንት ነው። ከችግኙ በስተጀርባ፣ በክፍሉ በኩል፣ ነጭ የተቀባ ጣውላ ወይም ነጭ ካርቶን ማቆም ወደ ክፍሉ የሚባክነውን ብርሃን ይመልሳል፤ ችግኙም ወደ አንድ ጎን መንጋደዱን ይቀንሳል። በበጋ ብዙ ጊዜ ይህ ብቻ ይበቃል። በሐምሌና በነሐሴ ግን አይበቃም።

*ተራ ነጭ የኤልኢዲ አምፖል።* 12 ዋት የሆነና 1,100 ሉመን የሚሰጥ አምፖል በሰከንድ ወደ 16 ማይክሮሞል ያወጣል። ለመደርደሪያችን 10 ያስፈልጋሉ፤ ድምሩ 120 ዋት። ጥቅሙ በየሱቁ መገኘቱና አንዱ ሲቃጠል ሌሎቹ መቀጠላቸው ነው። ጉዳቱ ለ10 አምፖል 10 መያዣና ብዙ የሽቦ መገጣጠሚያ መጠየቁ፣ እያንዳንዱ መገጣጠሚያም የመላላትና የመሞቅ ዕድል ያለው መሆኑ ነው። ለአንድ ወይም ለሁለት ሳሕን ችግኝ ግን ከዚህ የተሻለ የለም። ሁለት አምፖል ከቅጠሉ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብለው ተሰቅለው አንድ ሳሕን በደንብ ያሳድጋሉ። ሲገዙ ባለሱቁ እንዲያበራው ይጠይቁና የስልክ ካሜራ ያዙሩበት፤ ስክሪኑ ላይ ጥቁር መስመሮች ከሮጡ ውስጡ ያለው የኤሌክትሪክ ክፍል ደካማ ሊሆን ይችላል። ተክሉ ብልጭታውን አይቆጥረውም፤ አምፖሉ ግን ብዙ ላይቆይ ይችላል።

*ነጭ የኤልኢዲ ቱቦ።* የራሱ መቀመጫ ያለው 1.2 ሜትር፣ 18 ዋት ቱቦ 1,800 ሉመን ከሰጠ በሰከንድ 26 ማይክሮሞል ገደማ ያወጣል። 6 ቱቦ፣ 108 ዋት ይበቃል። ከላይ ባለው ጣውላ ሥር በ8 ሳንቲ ሜትር ርቀት ተደርድረው ሲገጠሙ ብርሃኑ ወጥ ሆኖ ይወርዳል፤ አምፖል የሚፈጥረው የደመቀና የደበዘዘ ቦታ እዚህ ብዙም አይታይም። ጣውላው በሲባጎ ወይም በሰንሰለት ከተሰቀለ ችግኙ ባደገ ቁጥር ከፍ ይደረጋል፤ ከላይኛው ቅጠል 15 ሳንቲ ሜትር መጠበቅ ነው። ዳር ያሉት ሳሕኖች ሁልጊዜ ያነሰ ስለሚያገኙ በየሁለትና ሦስት ቀኑ ከመሐል ጋር ይቀያየሩ። 108 ዋት በ220 ቮልት ግማሽ አምፔር ብቻ ስለሆነ አንድ ደህና ዲቫይደር ይችለዋል። ዲቫይደሩ ግን መሬት ላይ ሳይሆን ከውሃው በላይ ግድግዳ ላይ ይሰቀል፤ ገመዱም ሶኬት ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ጎንበስ ብሎ ይመለስ፤ ውሃ ቢወርድበት እዚያ ዝቅታ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬት ውስጥ አይገባም። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የኤልኢዲ ቱቦን በአሮጌ ፍሎረሰንት መቀመጫ ላይ ባላስቱን (በመቀመጫው ውስጥ ያለውን የኃይል መቆጣጠሪያ) ሳያስወጡ መግጠም ቱቦውን ሊያበላሽ፣ እሳትም ሊያስነሣ ይችላል። ይህን ኤሌክትሪሺያን ይሥራው። የአሮጌው ፍሎረሰንት ራሱ ጉዳይ አጭር ነው፤ ቤት ውስጥ ካለ ይጠቀሙበት፣ አዲስ አይግዙ።

*ሐምራዊው መብራት።* ቀይና ሰማያዊ ኤልኢዲ ብቻ የተደረደረበት ነው። ተክል ቀይና ሰማያዊን አጥብቆ መጠቀሙ እውነት ነው። ችግሩ ሌላ ነው፤ ርካሾቹ በአንድ ዋት የሚሰጡት ብርሃን ከደህና ነጭ አምፖል አይበልጥም፣ ሳጥናቸው ላይ ያለው ቁጥርም አብዛኛውን ጊዜ ሐሰት ነው። «1000 ዋት» የተባለው ሲለካ 100 ዋት አካባቢ መሳቡ የተለመደ ነው። ይህን ማንም ሰው በቤቱ ቆጣሪ ማረጋገጥ ይችላል። የኤሌክትሮኒክ ቆጣሪ ላይ ቀይ ብልጭልጭ አለ፤ አጠገቡም አንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ብልጭታ እንደሆነ ተጽፏል፣ ለምሳሌ 1000 ወይም 1600። ቤት ውስጥ ያለው ሁሉ ይጥፋና መብራቱ ብቻ ይብራ፤ ለ6 ደቂቃ ብልጭታው ይቆጠር። ቆጣሪው ባለ 1000 ከሆነ 10 ብልጭታ 100 ዋት ነው፤ ባለ 1600 ከሆነ 16 ብልጭታ። ሌላው ጉዳት፣ በሐምራዊ ብርሃን ሥር አረንጓዴ ቅጠል ጥቁር ስለሚመስል በሽታው ሳይታይ ይስፋፋል። ሰው በሚውልበት ክፍል ደግሞ ዓይን ያደክማል። ስጦታ ካልሆነ በቀር የሚገዛበት ምክንያት አይታየንም።

*ጠፍጣፋ ሰሌዳ።* ነጭ ኤልኢዲዎች፣ አንዳንዴም ከጥቂት ቀይ ጋር፣ አልሙኒየም ላይ የተደረደሩበት ነው። ጥሩው በጁል 2.5 ማይክሮሞልና ከዚያ በላይ ይሰጣል። ለመደርደሪያችን 65 ዋት ይበቃዋል፤ ከቱቦው በ40 ከመቶ ያነሰ ማለት ነው። ብዙዎቹ ብርሃን መቀነሻ አላቸው፣ ለለጋ ችግኝ ዝቅ አድርጎ መጀመር ይቻላል። ከቅጠል ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። መግዣው ግን ውድ ነው፤ ከተበላሸም እኛ ጋ መለዋወጫው በቀላሉ አይገኝም፤ ብዙ ጊዜ የሚሞተው ኤልኢዲው ሳይሆን የኃይል ሳጥኑ ነው። ሳጥኑ ለብቻው ተፈትቶ የሚቀየር መሆኑን ሳያረጋግጡ አይግዙ። በዓመት ሁለት ወር ብቻ ለሚያበራ ሰው ዋጋውን አይመልስም።

*ባለ መቆንጠጫው።* በዩኤስቢ የሚሠሩት ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 10 ዋት ናቸው። ለአንድ ማሰሮ በሶብላ ወይም ጤና አዳም፣ ያውም መስኮት አጠገብ፣ ይበቃል። ለችግኝ ሳሕን አይሆንም።

*ስለ ሶላር።* ከመስመር ርቆ ያለ ሰው ባለ 100 ዋት ፓነል መብራቱን ያበራልኝ ይሆን ብሎ ይጠይቃል። እንዲህ ያለ ፓነል ከደህና ቀን ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሰበስባል፤ 65 ዋት ሰሌዳ ለ16 ሰዓት ከ1 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይፈልጋል። ጉሙ በበረታበት ወር ደግሞ ፓነሉም ይደክማል። ችግኙን ወደ ፀሐይ ማውጣት ይቀላል።

በአንድ ላይ ሲታዩ

| አማራጭ | ለ0.6 ካሬ ሜትር | ፍጆታ በወር፣ በቀን 16 ሰዓት | ፍጆታ በወር፣ በቀን 8 ሰዓት ከመስኮት ጋር | መግዣ | እዚሁ መተካት |
|---|---|---|---|---|---|
| መስኮትና ነጭ ሰሌዳ | – | 0 | 0 | እጅግ ዝቅተኛ | – |
| ነጭ አምፖል | 10 ባለ 12 ዋት | 58 ኪሎዋት ሰዓት | 29 | ዝቅተኛ | በጣም ቀላል |
| ነጭ ቱቦ | 6 ባለ 18 ዋት | 52 | 26 | መካከለኛ | ቀላል |
| ርካሽ ሐምራዊ | በእውነት 120 ዋት የሚስብ | 58 | 29 | መካከለኛ | ከባድ |
| ጥሩ ሰሌዳ | 65 ዋት | 31 | 16 | ከፍተኛ | ከባድ |
| ባለ መቆንጠጫ | ለአንድ ማሰሮ ብቻ | 2–5 | 1–2 | ዝቅተኛ | መካከለኛ |

የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ከፍ እያለ የሚሄድ ነው። ስለዚህ የመብራቱ ወጪ ሲታሰብ ቤቱ አሁን ያለበት እርከን መታየት አለበት። በኤሌክትሪክ ምጣድ የሚጋገርበት ቤት እርከኑ ከፍ ያለ ስለሚሆን በቱቦና በሰሌዳ መካከል ያለው የ21 ኪሎዋት ሰዓት ልዩነት እዚያ ይበልጥ ይሰማል።

ለማን የትኛው?

ለጓሮው 30 ወይም 40 እግር በርበሬና ቲማቲም የሚያፈላ የደሴ ቤተሰብ የምሥራቅ መስኮት፣ ነጭ ካርቶንና ከሁለት እስከ አራት ነጭ አምፖል ይበቃዋል። በግንቦት ተጀምሮ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ውስጥ ችግኙ ይደርሳል፤ ከዚያ መብራቱ ተፈትቶ ሳሎን ሊገባ ይችላል።

ችግኝ ለገበያ የሚያፈሉ የሠፈር ወጣቶች ወይም የሴቶች ማኅበራት በቱቦ ቢጀምሩ ይሻላል። ሦስት ፎቅ መደርደሪያ ላይ 18 ቱቦ ሆኖ 324 ዋት ይስባል። ሁለት ወቅት ሠርተው ገበያው ከተረጋገጠ፣ ዓመቱን ሙሉም የሚያበሩ ከሆነ፣ ቀጣዩ ፎቅ በሰሌዳ ይሁን።

መስኮት በሌለው ክፍል ሰላጣና ቆስጣ ለቤቱ ማምረት የሚፈልግ ሰው በየቀኑ ለ16 ሰዓት ስለሚያበራ አቅሙ ከቻለ ሰሌዳው ያዋጣዋል። ለቆስጣውና ለሰላጣው 200 ማይክሮሞል ትንሹ ልክ ስለሆነ ሰሌዳውን 80 ዋት አድርጎ መግዛት የተሻለ ነው። ቅመማ ቅመም ብቻ ለሚፈልግ የኮንዶሚኒየም ነዋሪ መስኮትና አንድ አምፖል በቂ ነው።

ከተገዛ በኋላ የሚያጋጥም

ሰዓት መቁጠሪያ ማብሪያ ያስፈልጋል። ባለ ጥርሱ መካኒካል ርካሽ ነው፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ግን አብሮ ስለሚቆም ሦስት ሰዓት ከጠፋ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። መብራት በሚቆራረጥበት ሠፈር ውስጡ ባትሪ ያለው ዲጂታል ይሻላል። ሰዓቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ጥዋት 12 ሰዓት እንዲበራና ማታ 4 ሰዓት እንዲጠፋ 06:00 እና 22:00 ተብሎ ይሞላል። 24 ሰዓት ማብራት አይጠቅምም፤ ቲማቲም ጨለማ ካላገኘ ቅጠሉ ይገረጣል። ኃይል ለአንድና ለሁለት ቀን ቢጠፋ ችግኙ አይሞትም፤ ውሃውን ቀንሶ መስኮት አጠገብ ማስጠጋት ነው።

ግንዱ ቀጥኖ ከተመዘዘ መብራቱ ርቋል ወይም አንሷል፤ ዝቅ ይደረግ። የላይኛው ቅጠል ብቻ ከነጣ ወይም ወደ ውስጥ ከተጠቀለለ ቀርቧል። ችግኙ አፈሩ ጋ አንገቱ ጠቁሮ ከወደቀ ግን ጥፋቱ የመብራቱ አይደለም፤ የውሃ ብዛትና የአየር እጦት ነው። ከታች ከሳሕኑ ማጠጣት፣ አፈሩ ከላይ እስኪደርቅ መታገሥና በር መክፈት ይረዳል።

ኤልኢዲ ሙቀቱ ትንሽ ነው፤ የደሴን ሌሊት አያሞቅም። የበርበሬ ዘር ለመብቀል ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ስለሚወድ፣ እስኪበቅል ከምጣዱ ክፍል አጠገብ ባለ ሙቅ ቦታ ተሸፍኖ ይቆይ፤ መብራት የሚያስፈልገው ብቅ ካለ በኋላ ነው። የሰላጣ ዘር በተቃራኒው ለመብቀልም ብርሃን ይፈልጋልና አፈር አይጫነው።

በ200 ማይክሮሞል ያደገ ችግኝ ጥርት ባለ ቀትር ወደ 2,000 ማይክሮሞል በአንዴ ቢወጣ ቅጠሉ ነጭ እየሆነ ይቃጠላል። ከመትከሉ በፊት ባሉት ከ7 እስከ 10 ቀናት መጀመሪያ ጥላ ሥር፣ ቀጥሎ በጥዋት ፀሐይ ለአንድና ለሁለት ሰዓት፣ ከዚያ በየቀኑ ሰዓቱን እየጨመሩ ማለማመድ ያስፈልጋል። ማታ ወደ ቤት ይመለስ። መትከያው ደመናማ ቀን ወይም ከሰዓት በኋላ ከ10 ሰዓት ወዲህ ቢሆን ይመረጣል።